ከሚካኤል በር ጋር የተቆራኘው ነገረ ፈጅ

አለበል የጥድ አምባ ሰው ነበር። ጥድ አምባ ከደብረ ኤልያስ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ አጥቢያ ናት። አባቱ አራሽ ነበሩ፤ እሱም ያርስ ነበር። አገር የሚያውቀው ግን በእርሻው ሳይሆን በአንደበቱ ነው። ርስቱን የተነጠቀ፣ ወሰን የተገፋበት፣ ውርስ የተከለከለ ሰው ሁሉ ዳኛ ፊት እንዲቆምለት መጀመሪያ የሚፈልገው ነገረ ፈጅ እሱን ነበር።

ሲያዩት ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ለሙግት ሲቆም ግን ቀጥ ይላል። ነጠላውን ወገቡ ላይ ያስርና ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ አንድ ማሳ ወሰን ሲከራከር ባላጋራው «ወሰኑ ላይ ያለውን ዋንዛ የተከለው አባቴ ነው» ብሎ በኩራት ተናገረ። አለበል «አባትህ ሲተክሉት ለወሰን ብለው ነው ወይስ ለጥላ?» አለው። ሰውየው ሳያስብ «ለጥላ» አለ። ለጥላ የተተከለ ዛፍ የወሰን ምልክት አይሆንምና ሙግቱ እዚያው አለቀ። ይህች ወሬ ብዙ ዓመት ስትወራ ኖራለች።

ሚስቱ አይናዲስ በዚህ የምትደነቅ ሴት አልነበረችም። ቤት ውስጥ ነገር ሲያበዛባት «ከእኔ ጋር ሲነጋገሩ ዘንግዎን ደጅ ያስቀምጡ» ትለው ነበር። እሱም ይስቃል። ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ድረስ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ንብ ማነብ የሚወድ፣ ከአባቱ በተቃራኒ ቃል የማይወጣው ሰው ነበር። ታናሽ እህቱ ማንጠግቦሽ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገባ። የድሮው ችሎት ተበተነ፤ በቦታው በአስተርጓሚ የሚፈርዱ መኮንኖች ተቀመጡ። አለበል ሞፈሩን አነሣ። ለሁለት ዓመት ያህል ሥራ የፈታ ነገረ ፈጅ ሆኖ እርሻውን አረሰ፤ አልፎ አልፎ የተጣሉ ጎረቤቶችን ያስታርቅ ነበር።

በ1930 ጎጃም ተነሣ። አርበኞች በየጫካው ገቡ፤ የጣሊያን ወታደሮችም በመንገድ ያገኙትን ሁሉ ይጠረጥሩ ጀመር። በጥር ወር በአንዱ ቅዳሜ ድረስ ማር ሊሸጥ ደብረ ኤልያስ ሄዶ ሲመለስ አንድ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ተመትቶ ወደቀ። መሣሪያ አልያዘም ነበር። መጀመሪያ ማሩን የጫነባት አህያ ብቻዋን ቤት ገባች፤ ሬሳው በኋላ መጣ። ያመጡት ሰዎች ከማዶ የነበሩ ወታደሮች ሲተኩሱ ሰምተዋል። ለምን እንደተኮሱ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

አለበል ልጁን ቀበረ። ለቅሶ የደረሱት «እግዜር ያጽናህ» ሲሉት «አሜን፣ ያጽናኝ» ይላል። ዐርባው እንዳለፈ ንጹሕ ነጠላ ለብሶ፣ ዘንጉን ይዞ ደብረ ማርቆስ ወጣ። ሦስት ቀን ደጅ ጠንቶ በአራተኛው ቀን አንድ መኮንን ፊት አቀረቡት። ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ እንደ ጥንቱ ቆመ። የልጁን ጠባይ፣ የሄደበትን ጉዳይ፣ የተመታበትን ቦታ፣ የጥይቱን አቅጣጫ፣ ያዩትንና የሰሙትን ምስክሮች አንድ በአንድ አስረዳ። መኮንኑ ከወረቀቱ ቀና አላለም። አለበል ሲጨርስ አስተርጓሚው አንድ አጭር ነገር ተናገረ። መኮንኑም አንድ አጭር ነገር መለሰ።

«ይሂድ ብሏል» አለ አስተርጓሚው።

«ያን ሁሉ ያልኩትን ምን ብለህ ነገርክልኝ?»

«ልጁ ሞቶበታል አልኩት።»

«የቀረውስ?»

አስተርጓሚው ወጣት ነው፤ አቀረቀረ። «የቀረው እነሱ ጋ አይሰማም፣ አባቴ። ሳይቆጣ ይሂዱ።»

አለበል ተመለሰ። በመጋቢት ወታደሮቹ ወደ ጥድ አምባ መጡና ቤቱን ሁሉ አቃጠሉ፤ ከብቱንም ነዱ። ሕዝቡ አስቀድሞ ወሬ ስለደረሰው ወደ ገደሉ ወርዶ ዋሻ ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። ከአለበል ሀብት የተረፈው አንድ ጎታ የማይሞላ ጤፍና ጥቂት ዕቃ ነው።

ዋሻው ውስጥ ሰዎች ተጨናንቀው ሁለት ወር ተቀመጡ። በግንቦት ተስቦ ገባ። ከታመሙት አንዷ አይናዲስ ነበረች።

የአጥቢያው ቄስ መምሬ ኃይለ ሚካኤል የቤተሰቡ ነፍስ አባት ናቸው፤ ከሕዝቡ ጋር ወርደው ዋሻ ውስጥ ነበሩ። አለበል ከበሽተኛይቱ አጠገብ አስጠራቸውና «መምሬ፣ እርስዎ ምስክር ይሁኑልኝ» አላቸው። «ሚስቴ ከዳነች፣ ዕድሜ ልኬን በየዓመቱ ለሚካኤል አንድ ሰንጋ አገባለሁ። በየዓመቱም ሰባት ሱባኤ እጾማለሁ። እኔ የምሰጠውን ተናግሬአለሁ፤ እሱ ደግሞ ሚስቴን ይሰጠኛል።»

«አለበል፣ ይህ ስለት ነው እንጂ ውል አይደለም» አሉት።

«ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው።»

አይናዲስ በትኩሳቱ መሃል ሰምታ ነበር። ማታ ማታ ሳይቀር እሱ ከራስጌዋ ተቀምጦ ለፈጣሪ ምክንያት ሲደረድር ትሰማለች፤ ወጣትነቷን፣ ልጅ ማጣቷን፣ ነዳያን ማብላቷን እየጠቀሰ። በዐሥራ አንደኛው ቀን «ነገር አያብዙ» አለችው። «እጄን ይያዙኝ።» እጇን ያዘ። ከቀትር በኋላ አረፈች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አለበል አላማተበም። መምሬ ኃይለ ሚካኤል ጸሎት ሲጀምሩ ተነሥቶ ከዋሻው ይወጣል። ሰዎች ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «እኔና እሱ ተጣልተናል» ይላል። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር የተጣላ ሰው እንደሚያወራው ነበር የሚያወራው። ይህ ሰዎቹን ይበልጥ አስፈራቸው። አንዳንዶቹ ከእሱ አጠገብ መተኛት ተዉ፤ በእሱ የተነሣ የሚመጣ መቅሠፍት እንዳይደርስባቸው።

ክረምቱ ሲቃረብ መንገዱ ጭቃ ሆነና ወታደሮቹ ምሽጋቸው ውስጥ ተከተቱ። ሕዝቡ ወደ አምባው ተመልሶ በአመዱ ላይ ጎጆ መቀለስ ጀመረ። የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በጥዶቿ መሃል ሳትቃጠል ቆማ ቆየቻቸው። ሰኔ 12 የዓመቱ በዓል ነው። የተረፈው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ።

ቅዳሴ አልቆ ሰው ከቅጥሩ ሳይወጣ አለበል መጣ። በወንዶቹ በር በኩል ሄደና የነጠላውን ጫፍ በሩ ላይ ካለው የብረት ቀለበት ጋር አጥብቆ ቋጠረ። የሚያየው ሰው ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ገባው። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ነጠላቸው ተቋጥሮ አብረው ይውሉ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ቋጠሮውን ቀድሞ ፈትቶ የሄደ እንደተረታ ይቆጠራል። አለበል እግዚአብሔርን መቆራኘቱ ነው።

ሴቶቹ ጮኹ። ሁለት ጎበዞች ሊያነሡት ተጠጉ። መምሬ ኃይለ ሚካኤል ግን ከውስጥ ወጥተው «ተዉት» አሉ። «ወደ ሌላ ቦታ አልሄደም። የመጣው እሱው ደጅ ነው።»

አለበል ያን ቀን ሙሉ ተናገረ። የሰሙት ሰዎች ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሙግት አልሰማንም ይላሉ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ዐሥራት ያወጣባቸውን ዓመታት ቆጠረ። በሐሰት በሚካኤል ስም ምሎ እንደማያውቅ ተናገረ። ለድሆች ያለ ዋጋ የቆመባቸውን ችሎቶች በሰውና በቦታ ስም ጠራ። ከዚያ ወደ ልጁ መጣ። «ልጄ ማር ሸጦ ነው የሚመለሰው» አለ። «ልጄ ማር ሸጦ ነው የሚመለሰው። ለዚህ መልስ ስጠኝ።»

በማግሥቱ ድምፁ ዘጋ። ዝናብ ሲወርድበት ዋለ። በሦስተኛው ቀን መምሬ ኃይለ ሚካኤል አንድ እፍኝ ቆሎና ውሃ በቅል ይዘው መጡና ደጃፉ ላይ አጠገቡ ተቀመጡ።

«ምላሽ ይዘው መጡ?» አላቸው አለበል በሹክሹክታ።

«የማንን ምላሽ?»

«የባላጋራዬን።»

መምሬ ውሃውን ሰጡት። ከጠጣ በኋላ «እኔ ሙግት አላውቅም፤ አንተ ታውቃለህ» አሉት። «ከሳሹ አንተ ነህ። ተከሳሹን ይኸው ተቆራኝተሃል። ዳኛው ማን ነው?»

አለበል ሊመልስ አፉን ከፈተና ዞሮ ቀለበቱን አየ። ዳኛ ሳይኖር ሙግት የሚጀምር ጀማሪ እንኳ የለም።

«ዳኛውም እሱ ነው» አለ በመጨረሻ።

«በራሱ ላይ ሊፈርድ?»

«አዎ።»

«በቅን ይፈርዳል ብለህ ታምነዋለህ?»

«ባላምነው ኖሮ ሦስት ቀን ዝናብ የሚደበድበኝ ለምንድን ነው? የማላምነውን ዳኛ ደብረ ማርቆስ ሄጄ አይቼዋለሁ። እዚያ አልተመለስኩም።»

«ታዲያ የምታምነውን ለምን አሰርከው?»

አለበል ተቆጣ። ከመጣ ወዲህ የተቆጣው ያኔ ብቻ ነው። «አያታልሉኝ፣ መምሬ! ይህ የቄስ ወጥመድ ነው!»

«ሊሆን ይችላል» አሉ መምሬ ኃይለ ሚካኤል። ቆሎውን እጁ ላይ አደረጉለትና ሊነሡ ሲሉ ታየች የምትባለው የአለበል ጎረቤት በቅጥሩ በር ስትሮጥ ገባች። ማንጠግቦሽን እሷ ዘንድ ነበር የተዋት።

«አለበል! ልጅቱ ራሴን ብላ ወድቃለች። ዓይኗ ደም መስሏል። የእናቷ በሽታ ነው!»

አለበል ወደ ቀለበቱ ዞረ። ቋጠሮው ሦስት ቀን ዝናብ ጠጥቶ ጠብቋል፤ ጣቱ አልፈታው አለ። በጥርሱ ሞከረ፣ አልሆነም። መምሬ ቆመው ያያሉ፤ አልረዱትም፣ አልከለከሉትም። በመጨረሻ እግሩን መዝጊያው ላይ አስደግፎ ነጠላውን በሁለት እጁ ሳበው። ከጥለቱ በላይ ተተረተረ፤ ቁራጩ ከቀለበቱ ጋር ቀረ።

«ሙግቱን ትቻለሁ» አለ። «ብረታም ልረታ። ልጄ ታማለች።» ሄደ።

ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያወራ እዚህ ላይ ይጨርሰዋል፤ አለበል በሩ ላይ ልቡ ተሰብሮ ታረቀ ይላል። እሱ ራሱ ግን እንዲህ አልነበረም ብሏል። መንገዱን ሲሮጥ ልቡ እንደ ድንጋይ እንደነበረ፣ ጊዜ አጥቶ እንጂ ወዶ እንዳልተወ ለመምሬ ኃይለ ሚካኤል ነግሯቸዋል።

በሽታው ይጋባል ተብሎ ስለሚፈራ ልጅቱን ከመንደሩ ወጣ ያለች ጎጆ ውስጥ አስተኛት። ታየች ምግቡን ደጅ አስቀምጣ ትመለሳለች። አለበል ዕድሜውን ሙሉ በሽተኛ አስታሞ አያውቅም፤ ይህን የምትሠራው አይናዲስ ነበረች። ተልባ በጥብጦ ማጠጣት፣ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ፣ ስትቃዥ እጇን መያዝ ተማረ። ስትቃዥ ድረስን ትጠራለች። እሱም አንዳንዴ «አቤት» ይላታል።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ እናቷን በገደላት ቀን የነበረበት ደረጃ ደረሰ። ትንፋሿ አጠረ። አለበል ጎጆው ደጃፍ ላይ ወጥቶ ቆመ። ከጥዶቹ በላይ የሚካኤል ጣሪያ ይታያል። ሳያስበው «ይህችን ብትተውልኝ» ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ አፉ ላይ የመጣው ቃል «እኔ ደግሞ» የሚል ነበር።

እዚያ ላይ ቆመ። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ጊዜ ተናግሮታል። የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ አሰበ፤ ሰንጋም የለው፣ ቤትም የለው። ቢኖረውስ? ለሃያ ዓመት የሰው ጉዳይ ሲይዝ ባለጉዳዩ ነገሩን ከሰጠው በኋላ መሃል እየገባ ሲናገርበት ይቆጣ ነበር። «ወይ እመነኝ፣ ወይ ራስህ ተሟገት» ይለዋል። ያን ማለቱ ትዝ አለው።

«ያንተ ናት» አለ። «እኔ ውሃ አጠጣታለሁ።»

ተመልሶ ገባና ውሃ አጠጣት።

መምሬ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማው በኋላ ጠይቀውት ነበር። «ምንም» አላቸው። «ደስታም አልመጣልኝ፣ ራእይም አላየሁ። ትከሻዬ ብቻ ቀለለኝ። ትሞታለች ብዬ ነበር የማስበው። ብትሞትም የሚወስዳት ሌባ አይደለም አልኩ።» በየጠዋቱ ያቺኑ ቃል ይል ነበር። አንዳንድ ቀን ከልቡ ነው። አንዳንድ ቀን ቃሉ አፉ ላይ ይቀርና ልቡ ወደ ድሮው ሙግት ይመለሳል፤ ያኔ ማሰሮውን ይዞ ወደ ምንጩ ይወርዳል።

ማንጠግቦሽ አልሞተችም። በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ላብ አጠመቃትና ትኩሳቱ ለቀቃት። አጥንቷ ብቻ ቢቀርም ተነሥታ ተቀመጠች፤ ሙቅ ጠጣች። አለበል ጎጆው ጥግ ሆኖ እሳት ሲያያይዝ ከኋላዋ ስሟን ጠራ። አልዞረችም። ጮክ ብሎ ጠራት። አልዞረችም። ዞሮ ከፊቷ ሲቆም ፈገግ አለችለትና «አባዬ፣ ምነው ዝም አሉ?» አለችው፤ ድምፅዋን ከልክ በላይ ከፍ አድርጋ። ተስቦ ጆሮዋን ወስዶታል።

አለበል ወጥቶ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠ። ታየች ምግብ ይዛ ስትመጣ እዚያው አገኘችው። ዕለቱኑ ወሬው መንደሩን አዳረሰ፤ ሰዎቹም አለበል አሁን እንደገና የሚካኤልን በር ይቆራኛል ብለው ጠበቁ። መምሬ ኃይለ ሚካኤልም ይህንኑ ሳይፈሩ አልቀሩም፤ በማግሥቱ ማለዳ ሄዱ።

«ሰማሁ፣ አለበል።»

«አዎ። አትሰማም።»

«ታዲያ ምን ትላለህ?»

አለበል ቀና ብሎ አያቸው። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ አልደበቀውም። «ከፋኝ» አለ። «ከፍቶኛል፣ ይህን ለእሱም ነግሬዋለሁ። ግን አልከሰስኩትም።» ከዚያ ወደ ማሳው አመለከተ። «ሐምሌ ገባ፤ ጤፉ አልተዘራም። በሬ የለኝም። እርስዎ ዘንድ መቆፈሪያ ካለ ያውሱኝ።»

መምሬ መቆፈሪያውን ራሳቸው ተሸክመው አመጡለት። ቀኑን ሙሉ አብረው ቆፈሩ። እሑድ አለበል ቤተ ክርስቲያን ገብቶ እንደ ማንኛውም ሰው ከኋላ ቆመ።

ጣሊያን በ1933 ከጎጃም ወጣ። ችሎት እንደገና ሲዘረጋ አለበል ወደ ሙግቱ ተመለሰ፤ ከእርሻው ሌላ የሚያውቀው ሙያ ይኸው ብቻ ነበር። ንግግሩ አጭር ሆኗል ይሉ ነበር። ብዙ ጊዜ ባለጉዳዮቹን ችሎት ከመግባታቸው በፊት ያስታርቅና እንጀራውን በገዛ እጁ ያሳጥራል። ከልጁ ጋር በእጅና በዓይን መነጋገር ተማረ፤ በኋላ በኋላ ሁለቱ ብቻ የሚግባቡበት ብዙ ምልክት ነበራቸው፤ ሰው ፊት ሲሳሳቁ ሌላው ምን እንዳሳቃቸው አያውቅም። ማንጠግቦሽ ከጉንደ ወይን የመጣ ያለው የሚባል የሸማ ነጋዴ አግብታ አራት ልጆች ወለደች። ያለው ወደ አባቷ ሽማግሌ የላከው መጀመሪያ እሷን ራሷን በምልክት ጠይቆ ከፈቀደች በኋላ ነው፤ አለበል ይህን ወዶለታል።

አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ ልጁ የሞተበት አንድ ወጣት አባት ታሪኩን ሰምቶ ኖሮ «ያን ጊዜ በሩ ላይ የጠየቁት ጥያቄ ተመለሰልዎት?» ብሎ ጠየቀው።

«አልተመለሰም» አለ አለበል።

«ታዲያ እንዴት ተዉት?»

«ጥያቄውን አልተውኩትም። ሳገኘው እጠይቀዋለሁ። ማሰሩን ነው የተውኩት።» ወጣቱ ይህ እንዳላጽናናው ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። አለበል ግን ያን ቀን ሙሉ ከአጠገቡ አልተለየም፤ ምሳም አብረው በሉ።

አለበል በ1947 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከአንድ ሳምንት ሕመም በኋላ ሞተ። በሕመሙ ጊዜ ማንጠግቦሽ ከጉንደ ወይን መጥታ ታስታምመው ነበር። በመጨረሻው ቀን መናገር ስላቃተው በእጁ ምልክት አንድ ነገር ነገራት። ከበው የተቀመጡት ሰዎች ምን እንዳለ በእጃቸው ጠየቋት። «ውሃ አጠጪኝ ነው ያሉኝ» አለች፤ አጠጣችውም።